የማንጃር ስኳር

ኤደልሚራ አንድ ነገር እንደተበላሸ መጀመሪያ ያወቀችው በአበባ ማስቀመጫው ነው። ጠዋት የሞላችው ውሃ ቀትር ላይ የለም። አበባ ይህን ያህል ይጠጣል እንዴ እያለች ስትገረም ሰነበተች። አንድ ቀን ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ማንጃርን እጅ ከፍንጅ ያዘችው። አንገቱን በአበቦቹ መሀል አስገብቶ ውሃውን ይልሳል፤ ለትንፋሽ እንኳ አያቋርጥም። የራሱ የውሃ ሳህን አጠገቡ ባዶውን ተቀምጧል።

"አንተ፣ ወደቡን ልታደርቀው ነው?" አለችው።

ማንጃር ቀና ብሎ አያት፤ ጢሙ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ተመልሶ መጠጣቱን ቀጠለ።

ማንጃር ትልቅ ቀይ ድመት ነበር። ስሙን ያገኘው በቀለሙ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ዳቦው ላይ የሚቀባው፣ እስኪቀላ የተንተከተከ ጣፋጭ ወተት ማንጃር ይባላል። ከጭቅላነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ኤደልሚራ ነበረች። ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ በደረጃ እንጂ በመኪና በማይደረስበት መተላለፊያ፣ በቆርቆሮ የተለበጠች ሰማያዊ ቤት ውስጥ የሙሽራ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ባል አላገባችም። "ሙሽራ ሳለብስ መልበሱን ረሳሁት" ትላለች ለሚጠይቋት፣ ያም ሳይከፋት። ቀን ማንጃር በጣሪያ ለጣሪያ ሲዞር ይውላል፤ ሲመሽ መጥቶ የተረፈ ዳንቴል ላይ ይተኛል።

አንስታ ስትይዘው የጀርባ አጥንቱ እጇን ወጋት። ያ ሁሉ ሥጋ የት እንደሄደ ግራ ገባት። በማግስቱ ቅርጫት ውስጥ ከትታ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ፍሬሲያ ወሰደችው።

ዶክተር ፍሬሲያ ደሙንም ሽንቱንም አይታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ስኳር አለበት" አለች። "ስሙን ማን አወጣለት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ በሽታውን አስቀድመው ነግረውታል።"

ሁለቱም ሳቁ። ኤደልሚራ ሳቁን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ።

"አያልቅሱ፣ ሴኞራ ኤደልሚራ። ድመት ከሰው ይልቅ ጥሩ ታማሚ ነው፤ ኬክ እየሰረቀ አይዋሽም" አለች ዶክተሯ። "ጠዋትና ማታ፣ ሲበላ፣ ኢንሱሊን ትወጉታላችሁ።"

"እነማን ነን እኛ?"

"እርስዎ።"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ስኳሩ ደሙ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ሰውነቱ አያገኘውም፤ የሚያስገባለት ኢንሱሊኑ ነው። ኢንሱሊን ካነሰው ሰውነቱ ተርቦ የራሱን ስብ ማንደድ ይጀምራል፣ ከዚያ የሚወጣው ነገር ደግሞ ኪቶን ይባላል፤ ሲበዛ ደሙን ይመርዘዋል። የሽንት መመርመሪያ ወረቀቶች የያዘች ትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻት። "ወረቀቱ እንደ ገንፎ ነጣ ብሎ ከቀረ ደህና ነው። ፈካ ያለ ሮዝ ካሳየ ይደውሉልኝ። ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ ወይም መብላት ካቆመ፣ ይዘውት ይምጡ። ኢንሱሊኑን ግን እኔ ሳልናገር በራስዎ እንዳይጨምሩ። ስኳር ከመጠን በላይ ከወረደ የሚገድለው በሰዓታት ነው።"

ዕድሜዋን በሙሉ በመርፌ የኖረች ሴት፣ ያቺን ፀጉር የምታህል መርፌ እንዴት እንደምትይዛት ጠፋት። ትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ እንደተባለችው አንስታ ወጋች፤ መርፌው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣና ኢንሱሊኑ ሽርጧ ላይ ፈሰሰ። ማንጃር ዞር ብሎ እንኳ አላያትም፤ የቱና ሳህኑ ላይ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አንድ ሰው እንደገደለች ሁሉ።

ማታውን ተሳካላት። ከዚያ በኋላ የለመደችው ሳታስበው ነው። ለካ ከሐር ይቀላል፤ ሐር ይሸሻል፣ ማንጃር ግን አፉ ሥራ ከያዘ ሰማይ ቢደፋበት አይሰማም። ለስኳር መለኪያው የደም ጠብታ ከጆሮው ጫፍ የምትወስደው ካልሲ ውስጥ ሩዝ አሙቃ ጆሮውን ካሞቀች በኋላ ነው። ለሽንቱ ደግሞ አሮጌ ጭልፋ መደበች። የመጸዳጃ አሸዋው ላይ ሲንበረከክ ጭልፋዋን ይዛ ከኋላው ታደባለች፤ እሱም ዞሮ ዓይኗን ዓይኗን እያየ፣ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም በሚል ፊት፣ ይሸናል።

"እኔም ደስ ብሎኝ መሰለህ" ትለዋለች።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ጠዋት የምትነሳበት ምክንያት ነበራት፣ በእጇ የምትሠራው ነገር ለውጥ ሲያመጣ ታያለች። ውሃ መጠጣቱ ቀነሰ። ፀጉሩ መልሶ አበራ።

የስኳሩ ነገር ብቻ አልገባትም። አንዳንድ ማታ ልኩ ቆንጆ ነው፤ አንዳንድ ማታ ደግሞ ሰማይ ይነካል። ያው ምግብ፣ ያው መርፌ። ዶክተር ፍሬሲያ ስልክ ላይ ዝም ብላ ሰማቻትና፣

"ሌላ የሚያበላው ማነው?" አለች።

"ማንም! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"ቀን የት ይውላል?"

"ጣሪያ ላይ። ወፍ ሲያይ።"

"ወፍ እንዲህ ስኳር አይጨምርም፣ ሴኞራዬ። እኔ ኢንሱሊኑን ከመጨመሬ በፊት ጥቂት ቀን ቤት ይዝጉበትና እንየው።"

ዘጋችበት። ማንጃር መስኮቱ ላይ ቆሞ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ፣ መጋረጃ ተንጠላጠለ፣ የአንዲት ሙሽራ ዓይነ ርግብ ላይ ሸና። ስኳሩ ግን እንደ ታዘዘ ሁሉ ወረደ። ኤደልሚራ ደስ ሊላት ሲገባ ንዴት ያዛት። አንድ ሰው ድመቷን እያበላባት ነበር ማለት ነው!

ማን እንደሆነ ለማወቅ መልፋት አላስፈለጋትም። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየች። የማንጃር ፎቶ ነበር። ማንጃር በአንድ የማታውቀው ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ የማታውቀው ትራስ ላይ፣ እንደ ጳጳስ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ከሥሩ በትልቁ እንዲህ ተጽፏል፦

"የጠፋ። አልሚራንቴ ይባላል። ትልቅ፣ ቀይ፣ ኩሩ። ያየ ለዶን ዌንሴስላኦ ያሳውቅ። ባለቤቱ እንቅልፍ አጥቷል።"

አልሚራንቴ፣ አድሚራል ማለት ነው! ኤደልሚራ ዳቦውን ረሳችው። ወረቀቱን ገንጥላ በመንገድ ማዶ ያለውን ቢጫ በር በጡጫ ደበደበች።

ዌንሴስላኦ በወደቡ ጎታች ጀልባዎች ላይ ምግብ ሲያበስል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ከኤደልሚራ ጋር ከሰላምታ በላይ ቃል ከተለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል። ቤቱ ላይ ፎቅ ጨምሮ፣ ከወጥ ቤቷ መስኮት ይታይ የነበረውን ባሕር ከለለባት። ቫልፓራይሶ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፣ ባሕሩን የከለለበትን ግን ይቅር አይልም። ከዚያ ወዲህ ስሙን አትጠራውም፤ "ጣሪያው" ነው የምትለው።

በሩን ሲከፍት እጁ ላይ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይዟል።

"ሴኞራ ኤደልሚራ! አልሚራንቴን አዩት?"

"አልሚራንቴ የሚባል አላውቅም። ይኼ ማንጃር ነው። የኔ ድመት ነው።"

"የእርስዎ?" ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። "ተሳስተዋል። በየቀኑ እኔ ጋ ነው ቁርሱን የሚበላው።"

"ምን ይበላል?"

"ማራኬታ ዳቦ፣ በዚህ ወተት አርሼ" አለ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ፣ እንደሚመሰገን ሰው። "ክሬም ሲኖር ክሬም። ሰሞኑን ከስቶብኝ ስለነበረ ጨመር አድርጌለታለሁ።"

"ጨመር አድርገህለታል!" አለች ኤደልሚራ፤ "እርስዎ" ማለቱ ከአፏ ጠፋ። "ስኳር በሽተኛ ነው፣ አንተ ሰውዬ! እኔ ጠዋትና ማታ እየወጋሁ፣ በጭልፋ ሽንት እያሳደድኩ፣ አንተ ማዶ ቁጭ ብለህ ወተት ታጠጣልኛለህ!"

የዌንሴስላኦ ፊት ተለወጠ። ቆርቆሮውን እንደሚያቃጥል ነገር ወለሉ ላይ አኖረው።

"ታሟል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማን ልንገር? ለጣሪያህ?"

ከመንገዱ ማዶ ማንጃር በመስኮቱ በኩል ሁለቱን እያየ ጮኸ። ከሁለቱ የትኛውን እንደጠራ ግን አልታወቀም።

"በሕይወት አለ" አለ ዌንሴስላኦ በቀስታ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ። "ባሕር የገባ መስሎኝ ነበር።"

ኤደልሚራ ለስድብ ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ግን የሚቀጥለውን ረሳችው። "ምንም እንዳታበላው" ብቻ ብላው ተመለሰች።

አላበላውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንጃርን ስትለቀው ሄዶ ቢጫው በር ላይ ይቀመጣል፣ ዌንሴስላኦም ወጥቶ ደረጃው ላይ አጠገቡ ይቀመጥና ባዶ እጁን ያሳየዋል። "አዘውኛል፣ አድሚራሌ፣ ምን ላድርግ" ሲለው ኤደልሚራ ከመጋረጃዋ ጀርባ ትሰማለች።

ነገሩ እንዲህ ተረጋግቶ ሳለ አንድ እሁድ ጠዋት ማንጃር ሳህኑን አሽትቶ ጀርባውን ሰጠው። ቱና አቀረበች፤ እምቢ። የዶሮ ሾርባ አቀረበች፤ እምቢ አለና አስታወከ። መርፌውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ያልበላን ድመት መውጋት ያስፈራል፤ አለመውጋትም ያስፈራል። መርፌውን አስቀምጣ ጭልፋዋን አነሳች። ወረቀቱን ሽንቱ ውስጥ ነክራ መስኮቱ ሥር ይዛው ቆመች። ገንፎ የመሰለው ቀለም ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ጠቆረ፣ ዓይኗ እያየ ወይን ጠጅ ሆነ።

ዶክተር ፍሬሲያ ቤቷ ስጋ ስትጠብስ ነበር ስልኩን ያነሳችው። "ኢንሱሊን ሰጥተውታል?"

"አልሰጠሁትም። ፈራሁ።"

"ጥሩ። ምንም ሳይሰጡት አሁኑኑ ይምጡ። ሄጄ በሩን እከፍትልዎታለሁ።"

እሁድ ቀን ታክሲ እዚያ ኮረብታ ላይ አይወጣም። ኤደልሚራ ማንጃርን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ ዌንሴስላኦ ደረጃው ላይ ነበር። ጥያቄም አልጠየቃት። ገብቶ የፒክአፕ መኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ፣ ድመቱን ከእጇ ተቀበላትና መኪናው ወደቆመበት ያን ሁሉ ደረጃ ሆዱን እያንዘፈዘፈ ሽቅብ ሮጠ። ኤደልሚራ ይህ ሰው በሩጫ ይሞትብኛል ብላ ለእሱም ደግሞ ተጨነቀች።

መንገድ ላይ ማንጃርን ጭኗ ላይ አድርጋ አፉን አሸተተች። የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።

"ወተቱ ነው?" አለ ዌንሴስላኦ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ንገሪኝ። እኔ ነኝ?"

"አላውቅም። ንዳ ዝም ብለህ።"

እሱ አልነበረም። ዶክተር ፍሬሲያ ገና ስጋ ስጋ እየሸተተች፣ የማንጃርን አፍ ከፍታ ከኋላ ያለ አንድ ጥርስ አሳየቻቸው፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል። "ይኼ ነው ጉዱ። መግሉ ኢንሱሊኑን አዳከመው፣ ሕመሙ ምግብ ከለከለው፣ ኪቶኑ ተከማቸ። ፈሳሽ እሰቅልለታለሁ፣ ኢንሱሊኑን በጥቂት በጥቂቱ እሰጠዋለሁ። ሲረጋጋ ጥርሱ ይነቀላል። ነገ ቢያመጡት ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። በጊዜ ነው ያዩት።"

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። ሁለቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ዌንሴስላኦ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አጣምሮ፣

"ፎቁን ለልጄ ነበር የሠራሁት" አለ። "ከሰሜን፣ ከአንቶፋጋስታ ከተማ ልጆቿን ይዛ እመጣለሁ ብላኝ። ቀለም ቀባሁት፣ አልጋ አስገባሁ። ከዚያ ባሏ እዚያው የተሻለ ሥራ አገኘ። ደህና ናቸው፣ ይደውሉልኛል። ክፍሉ ግን ባዶ ነበር። አንድ ቀን ስወጣ አልሚራንቴ አልጋው ላይ ተኝቶ አገኘሁት።"

ኤደልሚራ ከቦርሳዋ ማራኬታ አውጥታ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን አቀበለችው።

"ያለ ወተት ነው" አለች።

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እሷ። ዶክተር ፍሬሲያ ምን ነካቸው ብላ በበሩ ብቅ አለች።

ማንጃር ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጥርስ ጎድሎት፣ አንድ እግሩ ተላጭቶ፣ ንዴቱ ግን ሙሉ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች ያለ ብዙ ንግግር ተስማሙ፤ የጠዋቱ ምግብና መርፌ በሰማያዊው ቤት፣ የማታው በቢጫው ቤት። ዌንሴስላኦ መርፌ ስለሚፈራ የማታውንም ራሷ ልትወጋ ደረጃውን ወጥታ ወደ ላይኛው ክፍል ገባች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ባሕረ ሰላጤው በሙሉ፣ መርከቦቹ ከነመብራታቸው፣ ያ ሁሉ ተዘርግቶ ጠበቃት። መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

"የኔ ባሕር" አለች ሳታስበው።

"ወንበሩን እዚያ ያደረግኩት ለዚያ ነው" አለ ዌንሴስላኦ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሻይ ይቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማታው ከመርፌው ኋላ ትንሽ ትቀመጣለች። እሱ ጀልባ ላይ ለሠላሳ ሰው ሾርባ ሲሠራ ማዕበል ድስቱን እንዴት እንደገለበጠበት ያወራል፤ እሷ ልብሳቸውን ወስደው ሳያገቡ ስለቀሩ ሙሽሮች ታወራለች። ስሙ ላይ ግን አልተስማሙም። ማንጃርም በየትኛውም ሲጠሩት አይመጣም፤ የሚመጣው ቱና ሲከፈት ነው።

ዌንሴስላኦ መውጋት የተማረው ተገዶ ነው። የኤደልሚራ እህት ኪዮታ ከተማ ነው የምትኖረው። አቮካዶ የምታመርት ሴት ናት፣ በየጊዜው "ነይ" ስትላት ኤደልሚራ መርፌውን ምክንያት እያደረገች ቀርታለች። "እኔ እያለሁ?" አለ ዌንሴስላኦ አንድ ማታ፣ ተቆጥቶ። ከዚያ በብርቱካን ላይ ተለማመደ፣ በቲማቲም ላይ ተለማመደ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ማንጃርን ሊወጋ ሰነዘረ።

"ዓይንህን ክፈት፣ የምትወጋው እጄን ነው!" ብላ ጮኸችበት።

በሁለተኛው ዓይኑን ከፍቶ ወጋ። ኤደልሚራም ሻንጣዋን ያዘች።

ኪዮታ ደርሳ በማግስቱ፣ ከእህቷ ጋር ዛፍ ሥር ቁርስ እየበሉ ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ።

"ወጋሁት" አለ ዌንሴስላኦ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ግን የገባ አይመስለኝም። ፀጉሩ ርሷል። ወይም ያራሰው ሾርባ ይሆናል። ልድገመው?"

ኤደልሚራ ጽዋዋን አስቀመጠች።

"እንዳትደግም። ሰማኸኝ? እርግጠኛ ካልሆንክ በፍጹም አይደገምም። አንድ መርፌ ቢያመልጠው ስኳሩ እስከ ማታ ትንሽ ይወጣል፣ ያ ምንም አይደለም። ሁለት ከገባበት ግን ልናጣው እንችላለን። በልቷል?"

"ሳህኑን ራሱን ሊበላው ነበር።"

"ጥሩ። እስከ ማታ ተወው። ዓይንህ አይለየው፤ ከተንገዳገደ ለዶክተሯ ደውልላት። አሁን ጭልፋውን አንሳ።"

"ጭልፋውንም?"

"ጭልፋውንም።"

ስልኩ ተከፍቶ እንዳለ ጠበቀች። ሩቅ የዌንሴስላኦ ድምፅ ይሰማል፣ "አድሚራሌ፣ ይቅርታ፣ ትዕዛዝ ነው"፣ ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ሳቅ።

"ገንፎ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ነጭ ገንፎ! ቅንጣት ሮዝ የለውም!"

"እሱ ነው የሳቀው ወይስ አንተ?"

"እኔ ነኝ። እሱማ አኩርፎኛል።"

ማታ ደግሞ ደወለ፤ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ መርፌው ግን ደህና አድርጎ ገብቷል፣ ራሱ አይቶታል፣ በሁለቱም ዓይኑ። ኤደልሚራ ሰምታው ስትጨርስ እህቷ የተጠበሰ በቆሎ እየዘረጋችላት፣

"ማነው እሱ?" አለች፣ ቅንድቧን አንስታ።

"ጎረቤቴ ነው።"

"ያ ጣሪያው?"

ኤደልሚራ በቆሎውን ተቀበለች፤ ትኩስ ነበር፣ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አገላበጠችው።

"ዌንሴስላኦ ይባላል" አለች፣ መብላትም ጀመረች።